ሰዓቱ ያየውን ማን ያየዋል?

ባለፈው እትም ስለ ግንደ ህዋስ ንቅለ ተከላ፣ ማለትም ደም የሚሠራውን ህዋስ ለታማሚ በደም ሥር ስለ መስጠት፣ ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ መልእክት ደርሶኛል። ስለ መድኃኒትና ስለ ምርመራ ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ነበር፤ አብዛኞቻችሁ የጠየቃችሁኝ ግን ስለ ስልክ፣ ስለ እጅ ሰዓትና ጣት ላይ ስለሚሰካው መለኪያ ነው። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፦ በንቅለ ተከላ ክፍል 14 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ። ታናሽ ወንድሜ ከሌላ ሰው የተለገሰ ግንደ ህዋስ ተቀብሎ ወደ ቤት ሲመለስም አስታማሚው እኔ ነበርኩ። ከ14ቱ ዓመት ይልቅ ያ አንድ ዓመት ብዙ አስተምሮኛል። ስድስት ጥያቄ መርጫለሁ። የሕክምና ቡድናችሁ ከኔ የተለየ ቁጥር ከሰጣችሁ የእነሱን ያዙ።

ውድ ሲስተር፦ እናቴ ከወንድሟ በተለገሰ ግንደ ህዋስ ንቅለ ተከላ ተደርጎላት ዛሬ 41ኛ ቀኗ ነው። ከሆስፒታል ከወጣች 2 ሳምንት ሆናት። እህቴ "ስማርት ሰዓት እንግዛላት፣ ትኩሳቷንም የልብ ምቷንም ይነግረናል" ትላለች። እኔ ደግሞ ገንዘቡ ለሌላ ነገር ቢውል ይሻላል ባይ ነኝ። ማናችን ልክ ነን?
*እናቷን የምታስታምም*

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ፤ ሰዓቱ ግን ሁለተኛ ይሁን። መጀመሪያ የሚገዛው በምላስ ሥር የሚደረግ ዲጂታል ቴርሞሜትር ነው፤ ትርፍ ባትሪም አይጥፋችሁ።

ምክንያቴን ልንገርሽ። ህዋሱ በደም ሥር የተሰጠበት ዕለት "ዜሮ ቀን" ይባላል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው ይቆጠራል። ኒውትሮፊል የሚባለው ነጭ የደም ህዋስ በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ውስጥ 500 ደርሶ፣ ለ3 ተከታታይ ቀን ከዚያ ሳይወርድ ሲቀር "ህዋሱ ያዘ" እንላለን። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ይወስዳል። ያን ቀን ቤተሰብ ያለቅሳል፣ እኛም አብረን እናለቅሳለን። የያዘው ህዋስ ግን ገና ጨቅላ ነው። የእናትሽ በሽታ የመከላከል አቅም በቅጡ እስኪመለስ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊፈጅ ይችላል። በዚያ ላይ የለጋሹ ህዋስ የእናትሽን አካል እንደ ባዕድ ቆጥሮ እንዳያጠቃ የሚወስዷቸው መድኃኒቶች ይህንኑ አቅም ያፍኑታል። በዚህ ወቅት ኢንፌክሽን ሲገባ መግሉም፣ እብጠቱም ላይታይ ይችላል። ትኩሳት ብቻውን የሚመጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ነው ብዙ ሕክምና ቡድኖች 38 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ቀንም ይሁን ሌሊት ደውሉ የሚሉት።

ይህን 38 ሰዓቱ አይጠብቅላችሁም። የእጅ ሰዓት የሚለካው የአንጓን ቆዳ ሙቀት ነው። ከብርድ ልብስ ውስጥ ያለ እጅ ይሞቃል፣ ከውጭ የቀረ ይበርዳል። ሙቀት የሚለኩ ሰዓቶች ብዙዎቹም የሚናገሩት "ዛሬ ሌሊት ከወትሮው በዚህን ያህል ሞቀሻል" ነው እንጂ "ትኩሳት አለሽ" አይደለም። ብብት ሥር ተለጥፎ ሙቀትን ሌት ተቀን የሚከታተል መለኪያ አለ፤ ሆስፒታል ውስጥ በተሞከረበት ጊዜ ነርሶች በየሰዓታቸው ዞረው ከሚለኩት ቀድሞ ትኩሳት የያዘበት አጋጣሚ አለ። ሆስፒታላችሁ ይህን ከሰጣችሁ በደስታ ተቀበሉ። ካልሰጣችሁ ቴርሞሜትሩ ይበቃል። ትኩስ ወይም ቀዝቃዛ ነገር ከጠጡ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ጠብቂ። አፋቸው ቆስሎ ከሆነ በብብት ለኪ፤ በብብት የሚለካ ግን ዝቅ ብሎ ስለሚታይ ስትደውዪ በየት በኩል እንደለካሽ ንገሪያቸው። በፊንጢጣ በኩል በፍጹም አይለካ። ትኩሳት ሲመጣ ደግሞ ሳትደውዪ ፓራሲታሞል እንዳትሰጫቸው። ትኩሳቱ ይወርድና ኢንፌክሽኑ ይቀራል።

ታዲያ ሰዓቱ ለምንድን ነው? ለሌሊት የልብ ምት። ሰዓቱ ከሥሩ አረንጓዴ ብርሃን ያበራል፤ ደም ይህን ብርሃን ስለሚውጥ በእያንዳንዱ ምት የሚመለሰው ብርሃን ይቀንሳል፣ ሰዓቱም ያንን ይቆጥራል። ሰው ሲራመድና እጁን ሲያወናጭፍ ይሳሳታል፤ ተኝቶ ሲያርፍ ግን ደህና አድርጎ ይቆጥራል። የሰውነት ሙቀት በ1 ዲግሪ ሲጨምር የልብ ምት በደቂቃ ወደ 10 ገደማ ይጨምራል። አንዳንዴ ደግሞ ምቱ ከሙቀቱ ይቀድማል።

ወንድሜ በ60ዎቹ ቀናት ውስጥ ሳለ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ይወስድ ነበር። ይህ መድኃኒት ትኩሳትን ይደብቃል። በየጠዋቱ 36.8፣ 37.1 እያለ ይነበባል፤ እሱም "ደህና ነኝ" ይለኛል። የሌሊት ምቱ ግን 64፣ 66፣ 65 ሲል የከረመው አንድ ሌሊት 79 ሆነ፤ በማግስቱ 88። ትኩሳት የለውም፣ አልሳለም፣ አላማረረም። ደወልኩ። "38 ደርሷል?" አሉኝ። "አልደረሰም፤ ምቱ ግን ከራሱ ምት በ20 አልፏል፣ ስቴሮይድም ላይ ነው" አልኩ። "አምጪው" አሉ። ከደሙ ባክቴሪያ ተገኘ። ሰዓቱ "ኢንፌክሽን ነው" አላለኝም። አንድ ነገር ተለውጧል ነው ያለኝ። ምት በደም ማነስም ይጨምራል፣ ፈሳሽ ሲጎድልም፣ በአዲስ መድኃኒትም፣ ክፉ ሌሊት በማሳለፍም። ምክንያቱን የሚለየው ምርመራ ነው።

ስለዚህ ከገዛችሁ እናትሽ ደህና ባሉበት ሰሞን ቢያንስ አንድ ሳምንት ያድርጉት፤ የራሳቸውን ልክ እወቁ። የመጽሐፉን "ጤናማ" ቁጥር ተዉት። ከዚያም በሚቀጥለው ቀጠሮ ሐኪሙን ጠይቁ፦ ምታቸው ከራሳቸው ልክ ስንት ሲያልፍ እንደውል? በየትኛው ስልክ? ሌሊት የሚያነሳው ማን ነው? መልሱን በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት። ሰዓት ገዝተው ይህን ወረቀት ያልጻፉ ቤተሰቦች አይቻለሁ፤ ቁጥሩ ሲወጣ እርስ በርስ ተያይተው ያድራሉ። ሰዓት ሳይኖራቸው ወረቀቱን የጻፉ ደግሞ በ10 ደቂቃ ውስጥ መንገድ ይጀምራሉ። ገንዘባችሁ ለአንዱ ብቻ ከበቃ ቴርሞሜትሩና ወረቀቱ ይበልጣሉ።

ሲስተር፦ አባቴ ንቅለ ተከላ ካደረጉ 5 ወር ሆናቸው። ሰሞኑን ጥቂት ሲራመዱ ያለከልካሉ። ጣታቸው ላይ የምንሰካው የኦክስጅን መለኪያ ግን 94 እና 95 ይላል። ዝቅተኛ ስላልሆነ ልጠብቅ?
*ልጃቸው*

አይጠብቁ። ይህን መልስ መጽሔቱ እስኪወጣ ሳልጠብቅ በግል ልኬልዎታለሁ፤ እዚህ የምደግመው ጥያቄው የብዙዎች ስለሆነ ነው።

መለኪያው ሁለት ብርሃን በጣት በኩል ያሳልፋል፤ አንዱ ቀይ ነው፣ ሌላው በዓይን የማይታይ። ኦክስጅን የያዘ ደምና ያልያዘ ደም ሁለቱን ብርሃኖች የሚውጡት በተለያየ መጠን ነው። ታኩኦ አዮያጊ የተባሉ ጃፓናዊ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ይህን አስልተው ከደረሱበት ወዲህ የስንት ሰው ነፍስ እንደተረፈበት ተቆጥሮ አያልቅም። ሆኖም ብርሃኑ የሚያልፈው በቆዳ ውስጥ ነው፤ የቆዳ ቀለምም ብርሃን ይውጣል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2020 በአሜሪካ የታተመ ጥናት መለኪያው ከ92 እስከ 96 ያነበበላቸውን ታማሚዎች ደም ከደም ቅዳ ቧንቧ ወስዶ አመሳከረ። እውነተኛው መጠን ከ88 በታች ሆኖ የተገኘው ከነጮቹ ምርመራዎች 3.6 በመቶው ላይ ሲሆን ከጥቁሮቹ 11.7 በመቶው ላይ ነው። ሦስት እጥፍ ገደማ ማለት ነው። ይህን ባነበብኩ ቀን በሥራ ዘመኔ "95 ነው፣ አይዞዎት" ብዬ ወደ አልጋቸው የመለስኳቸው ሰዎች ፊት መጣብኝ። እኛ ጠይም ቆዳ ያለን ሰዎች በመለኪያው ላይ ያለው 94 ከእውነቱ ከፍ ብሎ ሊሆን እንደሚችል ማወቅ አለብን።

ሌላም አለ። ቁጥሩ መቶኛ ነው፤ ካለው ቀይ የደም ህዋስ ውስጥ ምን ያህሉ ኦክስጅን እንደተሸከመ ይናገራል። ህዋሱ ራሱ ጥቂት ከሆነ፣ ከንቅለ ተከላ በኋላ እንደሚያጋጥመው የደም ማነስ ካለ፣ 98 እያነበበም ሰውነት ይራባል። ጋሪዎቹ ሁሉ ሞልተዋል፤ ጋሪዎቹ ግን ሁለት ብቻ ናቸው እንደማለት ነው።

መለኪያውን አይጣሉት። ጣታቸው ሞቅ ብሎ፣ የጥፍር ቀለም ሳይኖር፣ ተቀምጠው ግማሽ ደቂቃ ያህል ቁጥሩ እስኪረጋ ይጠብቁ። ከዚያ ዛሬን ከባለፈው ሳምንት ጋር ያስተያዩ። ወትሮ 98 የነበረ ሰው 94 ከሆነ ወርዷል፤ "94 ጥሩ ነው" በሚለው ወሬ አይዘናጉ። አዲስ የትንፋሽ ማጠር ያለበት ንቅለ ተከላ የተደረገለት ሰው ግን ቁጥሩ ምንም ይበል ምን በዚያው ቀን ይታያል። ሳንባ ከንቅለ ተከላ በኋላ በኢንፌክሽንም፣ በለጋሹ ህዋስ ጥቃትም ሊጎዳ ይችላል፤ ሁለቱም ቀድሞ ሲደረስባቸው ነው የሚሻለው። አባትዎ "ደከመኝ" ሲሉ ከመሣሪያው ይልቅ እሳቸውን ይመኑ።

ሰዓቱን የማደርግበት ቦታ ላይ ሽፍታ ወጣብኝ። ከማሰሪያው ይሆን ወይስ ያ የተፈራው ነገር ጀመረኝ?
*72ኛ ቀኗ ላይ ያለች*

ሰዓቱን ዛሬውኑ አውልቂ፤ ሐኪሞችሽ ካላዩት መልሰሽ አታድርጊው። ሽፍታው በማሰሪያው ልክ ብቻ ከሆነ ምናልባት ላብና እርጥበት ታፍኖ ይሆናል። የለጋሹ ህዋስ ቆዳን ሲያጠቃ ብዙ ጊዜ መዳፍ፣ ውስጥ እግር፣ ጆሮና አንገት አካባቢ ይጀምራል። እነዚያን ቦታዎች አሁኑኑ እዪ። በጠይም ቆዳ ላይ "መቅላት" እንደ መጽሐፉ ሥዕል ቀይ ሆኖ አይመጣም፤ ጠቆር ያለ ወይም ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ሊሆን ይችላል። በጣትሽ ስትዳስሺው ይሞቃል፣ ይሻክራል፣ ያሳክካል።

እዚህ ላይ የስልክሽ ካሜራ ከሰዓቱ የተሻለ ያግዝሻል። በቀን ብርሃን መስኮት አጠገብ፣ ፍላሽ ሳታበሪ፣ አንድ እስክሪብቶ ለመጠን አጠገቡ አድርገሽ አንሺው፤ ነገም በዚያው ቦታ፣ በዚያው ብርሃን። ሐኪም በ3 ቀን ውስጥ መስፋቱን በዓይኑ ሲያይ "ትንሽ የሰፋ ይመስለኛል" ከማለትሽ ብዙ ይረዳዋል። ፎቶውን ወደ ቤተሰብ ግሩፕ አትልኪ፤ ሆስፒታሉ በምን መንገድ እንደሚቀበል ጠይቂ። እስከ ቀጠሮው ግን አትቆዪ፣ ዛሬ ደውዪ።

ወደፊት ስትመለሽበት የጨርቅ ማሰሪያ ይቅር፤ በቀላሉ የሚታጠብ ሲሊከን ይሁን፣ ላላ ይበል፣ በየቀኑ ይታጠብ፣ ደርቆ ይታሰር። ደም የሚያረጋው ህዋስ፣ ፕላትሌትሽ፣ ዝቅ ባለ ጊዜ አጥብቆ የታሰረ ነገር ያበልዛል። ስልክሽንም 70 በመቶ አልኮል ባለው መጥረጊያ በየቀኑ ጥረጊው። ከሁሉም ነገር አብልጠሽ የምትነኪው እሱን ነው።

እባክሽ አንተ በይኝ፣ 24 ዓመቴ ነው። የራሴን ግንደ ህዋስ ነው መልሰው የሰጡኝ። ሆስፒታሉ በየጠዋቱ በስልኬ ላይ "ህመም ከ0 እስከ 10፣ ማቅለሽለሽ ከ0 እስከ 10" የሚል ፎርም ያስሞላኛል። ማን እንደሚያነበው አላውቅም፤ አሁን ሁሉንም 0 እያደረግኩ አልፈዋለሁ። ሰዓቴ ደግሞ 10,000 እርምጃ አልደረስክም እያለ ይነዘንዘኛል።
*የሰለቸው*

አንተ ልበልህ እንግዲህ። መሰልቸትህ ይገባኛል፤ 0 ማድረግህ ግን አስፈርቶኛል።

እንዲህ ያለ ፎርም ምን ሊያደርግ እንደሚችል አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 ነው የወጣው። ካንሰራቸው በሰውነታቸው የተሰራጨ፣ ኬሞቴራፒ የሚወስዱ 766 ሰዎች ለሁለት ተከፈሉ፤ አንዱ ወገን ምልክቶቹን በኮምፒውተር እየሞላ፣ ሌላው እንደተለመደው በቀጠሮ እየታየ። ከሚሞሉት ወገኖች ግማሾቹ 31.2 ወርና ከዚያ በላይ ሲኖሩ ከሌሎቹ ግማሾቹ 26 ወርና ከዚያ በላይ ኖሩ። ንቅለ ተከላ የተደረገላቸው ሰዎች አልነበሩም፤ ስለዚህ ቁጥሩን እንዳለ ወደ አንተ አላመጣውም። እኔን የሳበኝ ግን የአሠራሩ ነገር ነው። ምልክቱ ሲከፋ መልእክቱ በቀጥታ ወደ ነርስ ይሄድ ነበር፤ ነርሷም ደውላ አንድ ነገር ታደርግ ነበር። ፎርሙን ያስከበረው በዚያኛው ጫፍ ያለው ሰው ነው።

ስለዚህ በመጪው ቀጠሮ በትሕትና፣ ግን ሳታፍር ጠይቅ፦ "የምሞላውን ማን ያየዋል? በስንት ሰዓት ውስጥ? ቅዳሜና እሁድስ?" ማንም እንደማያየው ከነገሩህ ለሐኪምህ በአፍህ ንገረው፤ ፎርሙም ይስተካከል። የሚታይ ከሆነ ግን እውነቱን ሙላ። ቁጥር መምረጥ ከከበደህ ትናንት ማድረግ ያቃተህን አስብ፦ ግማሽ ምግብ ተውኩ፣ ሻወር ላይ መቆም አቃተኝ። ማስታወሻ መጻፊያ ካለው ያንን ጻፍ። በክፍላችን "0" የሚሉ ታማሚዎችን እናውቃቸው ነበር፤ ብዙዎቹ ሸክም ላለመሆን የሚጥሩ ልጆች ነበሩ። እባክህ ሸክም ሁን።

ሌሊት ትኩሳት ከመጣ ደግሞ ፎርም ላይ እንዳትጽፈው። ይደወላል።

ስለ 10,000ው፦ ይህ ቁጥር ከሕክምና የመጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ስም ነበር፤ "የ10,000 እርምጃ መለኪያ" ማለት ነው። ከሰዓቱ ላይ አጥፋው። በክፍላችን ሰዎች የኮሪደሩን ዙር ነበር የሚቆጥሩት። በሚከፋባቸው ቀን ከአልጋ እስከ በር፣ በሚሻላቸው ቀን 4 ዙር። ግብህን ትናንት ከሄድከው በጥቂት ከፍ አድርገው፤ ፕላትሌትህ ዝቅ ባለበትና በሚያዞርህ ቀን ዜሮ ቢሆንም ደህና ነው። ግን እርምጃህ ሳታስበው 3 ቀን በተከታታይ ከወረደ ያን ለነርሷ ንገራት። እግርህ አፍህ ያልተናገረውን እየተናገረ ሊሆን ይችላል።

የመከላከል አቅምን የሚያፍነውን ታክሮሊመስ የሚባል መድኃኒት በ12 ሰዓት ልዩነት እወስዳለሁ፤ ስልኬ ያስታውሰኛል። የደም ምርመራ ቀን ግን አላርሙ ሲጮህ ከእንቅልፌ በደንብ ሳልነቃ ዋጥኩት። ምን ላድርግ?
*አንባቢ*

የሆነውን ሳይደብቁ ለደም ቀጂዋ ይንገሩ። የመድኃኒቱ መጠን የሚለካው ከሚቀጥለው ውጠት በፊት ዝቅ ባለበት ሰዓት ነው፤ ከዋጡ በኋላ የተቀዳ ደም ከፍ ያለ ቁጥር ያሳይና ሐኪሙ ሳያስፈልግ ሊቀንስብዎ ይችላል። ቀጠሮ ሲቀበሉ እዚያው ወንበር ላይ ሆነው የዚያን ዕለት ጠዋት አላርም ያጥፉና "ደም ሳልሰጥ አልውጥም" የሚል ሌላ ይተኩበት። ክኒኑን ይዘውት ይሂዱ። በሌሎቹ ቀናት ደግሞ አላርሙን ከዋጡ በኋላ እንጂ ከመዋጥዎ በፊት አያጥፉት።

ሲስተር፦ ባለቤቴ ንቅለ ተከላ ካደረገች 3 ወር አለፋት። ሰዓቷ ላይ ያለው ሁሉ በኔ ስልክ ይታያል። ሥራ ላይ ሆኜ አየዋለሁ፣ ሌሊትም አራት አምስት ጊዜ ነቅቼ አየዋለሁ። ትናንት "እኔ ሚስትህ ነኝ፣ ስክሪንህ አይደለሁም" ብላ ሰዓቱን አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ለደህንነቷ ብዬ ነበር።
*ባለቤቷ*

ወንድሜ፣ ለደህንነቷ ብለው እንደሆነ እሷም ታውቃለች። እኔም እንደ እርስዎ ነበርኩ። ያ የሌሊት ምት አንዴ ከተሳካልኝ በኋላ ስልኬን ከእጄ መለየት አቃተኝ። ወንድሜ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ምቱ ሲጨምር በሩን አንኳኳ ነበር። አንድ ቀን "እህቴ፣ ደረጃ ስወጣ ልቤ ይመታል፤ ልብ እንደዚያ ነው" አለኝ። ለሁለት ቀን አኮረፍኩ፤ ከዚያ ልክ መሆኑ ገባኝ።

ንቅለ ተከላ ሰውን ብዙ ያራቁታል። ለሳምንታት በር ተዘግቶበት፣ ሽንቱ ተለክቶ፣ ሰገራው ተጠይቆ፣ ክብደቱ በየጠዋቱ ተመዝኖ ነው የሚወጣው። ቤት ሲመጣ የራሱ የሆነ ጥቂት ነገር ይፈልጋል። መረጃው ከአካሏ የወጣ ነው፤ ማን ይየው፣ መቼ ይየው የሚለውን የምትወስነው እሷ ናት።

እርስዎም ቢሆኑ ታመዋል ማለት ይቻላል። ሌሊት አምስት ጊዜ የሚነቃ አስታማሚ በሦስተኛው ሳምንት የመድኃኒት መጠን ይሳሳታል፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። በአሜሪካ ሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ለንቅለ ተከላ ታማሚዎችና ለአስታማሚዎቻቸው "ሮድማፕ" የሚባል መተግበሪያ የሠሩ ተመራማሪዎች አስታማሚዎቹንም የእጅ መለኪያ አስደርገዋቸዋል። ስሰማ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ለካ የኛንም እንቅልፍ የሚቆጥር ሰው አለ አልኩ።

እንዲህ ያድርጉ። መጀመሪያ ይቅርታ ይጠይቋት፤ ስለ ሰዓቱ ምንም ሳይሉ። ከዚያ በተረጋጋችሁበት ሰዓት አብራችሁ ተቀመጡና ከህክምና ቡድኑ የተሰጣችሁን የመደወያ ቁጥሮች አውጡ። ሰዓቱን መልሳ ማድረግ ከፈለገች ቁጥሩን ራሷ ጠዋትና ማታ አንብባ ትንገርዎት፤ የእርስዎ ስልክ አይቀበል። እኔና ወንድሜ የተስማማነው በዚህ ነበር። ጠዋት "67፣ 36.9፣ እንቅልፍ ደህና" ይለኛል፤ እኔ ደግሞ ከቁጥሩ ይልቅ ድምፁን እሰማ ነበር። ድምፁ የተለወጠ ቀን ቁጥሩን ደግሜ እጠይቀዋለሁ። ሰዓቱን ጨርሶ አልፈልግም ካለችም መብቷ ነው፤ ቴርሞሜትሩ ይቀጥል።

ዛሬ ማታ የእርስዎን ስልክ ማሳወቂያ ሁሉ ያጥፉ። የእሷ ጥሪ ብቻ ድምፅ ይስጥ። ስልኩን ከራስጌዎ ሳይሆን ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ ያስቀምጡት፣ እሷም ይህን ሲያደርጉ ትይዎት።